አኅጽሮት ሕጸጽ እንዳይሆን፤ ስለ አጠረ መጽሐፍ ትርጓሜና አነባበብ የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

አንባቢ ሆይ፤ ረጅሙን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ጥቂት ነው፤ አጭሩን የሚሻ ግን ብዙ ነው። ይህ ብቻውን ነቀፋ አይደለም። የሰው ዕድሜ አጭር፥ የመጻሕፍቱም ቍጥር ብዙ ስለ ሆነ፥ ሰፊውን ነገር በጥቂት ቃል መሰብሰብ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥራ ነው። ነገር ግን አጭሩን የሚያነብ ሰው በእጁ የያዘው ከምን የአጠረ እንደ ሆነ ካላወቀ፥ ክፍሉን ሁለንተና አድርጎ ይይዛል፤ ሌላውንም ያስታል። ስለዚህ አኅጽሮት የሚባለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ያጠረውም መጽሐፍ በምን እንዲመዘን በዚህች ሐተታ ጥቂት እንናገራለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ነው። በወጣትነቴ ጊዜ ስለ መጻሕፍተ መቃብያን የተጻፈ በጥቂት ገጽ የተጠቃለለ ወረቀት በእጄ ገባ። ወረቀቱ የይሁዳንና የወንድሞቹን ጦርነት፥ የቤተ መቅደሱን መንጻት፥ የኒቃኖርንም መሸነፍ ይተርክ ነበር። እኔም በሰንበት ቀን በሕዝብ ፊት ቆሜ በእኛ መቃብያን የተጻፈው ይህ ነው ብዬ አስተማርሁ። ከጉባኤው በኋላ አንድ ሽማግሌ መምህር ጠሩኝና፦

«ልጄ፥ የኒቃኖርን ነገር ከመቃብያን በየትኛው ምዕራፍ አገኘኸው?» አሉኝ።

«የኔታ፥ ከወረቀት ነው ያገኘሁት» አልኋቸው።

«ወረቀቱስ ከየት አገኘው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ሄጄ መጽሐፉን ብከፍት፥ ጺሩጻይዳን የሚባለውን ንጉሥና የመቃቢስን ልጆች አብያን፥ ሲላን፥ ፈንቶስን አገኘሁ። ወረቀቱ የተናገረው በግሪኮች ዘንድ መቃብያን ስለሚባሉት መጻሕፍት ነበር። እነዚያ መጻሕፍት ከእኛ ከሦስቱ መቃብያን ጋር ስማቸው አንድ ነው እንጂ ታሪካቸው ሌላ ነው። ያሳጠረው ሰው ከምን እንዳሳጠረ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወረቀቱ ስላጠረ አልሳትሁም፤ የሳትሁት ከምን የአጠረ እንደ ሆነ ባለማወቄ ነው። የመምህሩ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በልቤ አለ፤ ለዚህች ሐተታም መሠረቷ እርሱ ነው።

ስለ ቃሉ ትርጓሜ

አኅጽሮት የግእዝ ቃል ነው፤ ማሳጠር ማለት ነው። ሥሩም ኀጸረ ነው፤ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል፤ አጠረ ማለት ነው። በሐመሩ ሐ የሚጻፍ ሐጸረ የሚባል ሌላ ግሥ አለ፤ ዙሪያውን ከበበ፥ ቀጠረ ማለት ነው። ሐጹር የተባለው ቅጥር ከዚህ ይወጣል። በአማርኛ ግን ሁለቱም አጠረ በሚለው ቃል ተገናኝተዋል፤ ሰውም ልብሱ አጠረ ይላል፥ ግቢውንም አጠረ ይላል። ሦስተኛው ሐጸጸ ነው፤ ጎደለ ማለት ነው፤ ሕጸጽም ጕድለት ነው።

እነዚህ ሦስቱ ቃላት በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በትርጓሜ ግን ይራራቃሉ። አኅጽሮት የነገሩን ብዛት ይቀንሳል እንጂ የነገሩን ሐሳብ አያጎድልም። ሕጸጽ ግን ቃሉ ብዙም ቢሆን ሐሳቡን ያጎድላል። ስለምን ቢሉ፤ ሺህ ቃል ተናግሮ ዋናውን የሚተው አለ፤ አሥር ቃል ተናግሮ ዋናውን የሚያስጨብጥ አለ። ርዝመትና እጥረት በክንድ ይለካሉ፤ ምልአትና ሕጸጽ ግን በሐሳብ ይለካሉ። ሐጹርም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ያማረ አኅጽሮት ለተማሪ እንደ አጥር ነው፤ አሳቡ እንዳይበተን ይጠብቀዋል። አጥር ግን እርሻ አይደለም፤ አጥሩን ይዞ እርሻውን የተወ ሰው እህል አያገኝም።

ግሪኮች ያጠረውን መጽሐፍ ኤጲቶሜ ይሉታል። ቶሜ መቍረጥ ነው፤ ኤጲቶሜም ከሰፊው መጽሐፍ ቈርጦ ማሳጠር ነው። እኛ ለመልእክትና ለመጽሐፍ ጦማር የምንለው ቃልም ከዚሁ ወገን ከሆነው ቶሞስ ከሚባለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስሙ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። የሚቈርጥ ሰው በፊቱ የሚቈረጥ ሙሉ ነገር አለ፤ ሙሉው ሳይኖር አኅጽሮት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አጭር የሆነ መጽሐፍ ሁሉ አኅጽሮት አይባልም። ለፊልሞና የተላከው መልእክት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ አልተቈረጠም፤ በራሱ ሙሉ ነው። ሰዎች ይህን ሳይለዩ ትንሹን ሁሉ አኅጽሮት ይሉታል፤ ይህም የቃሉን ትርጓሜ ያደበዝዛል።

ስለ አሳጣሪው ሥራ

በመጻሕፍት መካከል እኔ አሳጣሪ ነኝ ብሎ በግልጥ የሚናገር አንድ ጸሐፊ አለ። እርሱም በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ ካልእ መቃብያን የሚባለውን መጽሐፍ የጻፈው ነው። ስሙን አልነገረንም። የማንን መጽሐፍ እንዳሳጠረ ግን በምዕራፍ 2 ነግሮናል፤ የቀሬና ሰው ኢያሶን በ5 መጻሕፍት የጻፈውን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበው። ቀሬና በሊቢያ ያለች የጥንት ከተማ ናት፤ የጌታን መስቀል የተሸከመው ስምዖንም የዚያች አገር ሰው ነበር። ይህን ኢያሶን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሊቀ ካህንነትን በገንዘብ ከገዛው ከኢያሶን፥ በግብረ ሐዋርያትም ጳውሎስን በተሰሎንቄ ከተቀበለው ከኢያሶን ጋር አንድ አድርገህ አትያዝ።

አሳጣሪው በመቅድሙ የሥራውን ምክንያት ሦስት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ማንበብ የሚወዱ ደስ እንዲላቸው፥ በቃል መያዝ የሚሹ እንዲቀልላቸው፥ የሚያነቡትም ሁሉ እንዲጠቀሙ። ከዚህም በኋላ ማሳጠር ቀላል ሥራ እንዳልሆነ፥ ላብና የሌሊት ትጋት እንደሚጠይቅ ይናገራል። ራሱንም በምሳሌ ያስረዳል፤ ቤቱን የሚሠራው ዋናው አናጢ ስለ ቤቱ ሁሉ ያስባል፥ ቀለም የሚቀባው ግን ለጌጡ የሚገባውን ብቻ ይፈልጋል፤ እኔም እንደዚሁ ነኝ ይላል። ነገሩን ሁሉ መመርመር የታሪክ ጸሐፊው ድርሻ ነው፤ የእርሱ ድርሻ ግን ማሳጠር ብቻ ነው። በመጨረሻም ታሪኩን እያሳጠሩ መቅድሙን ማስረዘም ሞኝነት ነው ብሎ ወደ ሥራው ይገባል።

የዚህን ሰው ሥራ ስንመረምር ምስጋናም ነቀፋም ይገባዋል። ምስጋናው ይህ ነው። ከማን እንደ ወሰደ፥ ስንት መጻሕፍት እንደ ነበሩ፥ እርሱ ምን እንዳደረገ ሳይሸሽግ ነግሮናል። ደግሞም ሁሉን በአንድ ልክ አላሳጠረም። የሽማግሌውን የአልዓዛርን ሞት በምዕራፍ 6፥ የሰባቱን ወንድሞችና የእናታቸውን ሰማዕትነት በምዕራፍ 7 በሰፊው ይተርካል፤ ቃላቸውንም አንድ በአንድ ያሰማል። ምክንያቱም ለአንባቢው የሚጠቅመው በዚያ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው በምዕራፍ 11 የምትበልጠውን ትንሣኤ ተስፋ አድርገው መከራ ስለ ተቀበሉ ሰዎች ሲናገር፥ እነዚህን እንዳሰበ ብዙ መምህራን ይተረጕማሉ። እንግዲህ አሳጣሪው ያንን ክፍል ቈርጦ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ስንት በረከት በቀረብን!

ነቀፋው ደግሞ ይህ ነው። በምዕራፍ 13 ፍጻሜ ላይ ነገሩን ከልክ በላይ አጣድፎታል። ንጉሡ ተዋዋለ፥ ሄደ፥ ተዋጋ፥ ተሸነፈ፥ የከዳው እንዳለ ሰማ፥ ደነገጠ፥ ታረቀ እያለ ግሡን በግሥ ላይ ይደረድራል። አንባቢው ማን በምን ምክንያት ምን እንዳደረገ ለመለየት ይቸገራል። በዚህ ስፍራ አኅጽሮት ወደ ሕጸጽ ተጠግቷል። ደግሞም መጽሐፉ ከጌታ ልደት በፊት በ161 ዓመት በሆነው በኒቃኖር መሸነፍ ይፈጸማል፤ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ የሆነውን የይሁዳን ሞት አይናገርም። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ይሁዳ በድል እንደ ኖረ ይመስለዋል፤ ቀዳማዊውን መቃብያን በምዕራፍ 9 ሲያነብ ግን በጦር ሜዳ እንደ ወደቀ ያገኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የኢያሶን 5 መጻሕፍት ዛሬ የሉም፤ ጠፍተዋል። አሳጣሪው ለአናጢው ቤት ጌጥ እቀባለሁ አለ፤ ቤቱ ፈረሰ፥ ጌጡ ቀረ። ይህ በእርሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊዊዮስ 142 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ዛሬ 35ቱ ብቻ ይገኛሉ፥ የቀሩት በአጭር መግለጫና በቍርጥራጭ ካልሆነ አይታወቁም። ትሮጉስ የሚባለውም 44 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ የቀረው ዮስጢኖስ የሚባል ሰው ያሳጠረው ነው። መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ በነበረበት ዘመን፥ አጭሩ በተገኘ ጊዜ ረጅሙን ለመገልበጥ የሚደክም ያንሳል። እንዲህ ሲሆን አጭሩ ረጅሙን ከሞት ያዳነው ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ወደ ሞት የሸኘው እርሱ ይሆናል። ይህም የአሳጣሪው ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ አጭሩ ይበቃናል ያለው የአንባቢው ስንፍናም ነው።

ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ልማድ

ታዲያ ማሳጠር ክፉ ነውን ቢሉ፤ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍት ራሳቸው ያሳጥራሉና። ይልቁንም እንዴት ማሳጠር እንደሚገባ ያስተምሩናል።

መጽሐፈ ነገሥትን ተመልከት። የአንዱን ንጉሥ ነገር በተናገረ ጊዜ፥ የቀረው ሥራው በነገሥታቱ የታሪክ መጽሐፍ እንደ ተጻፈ እያመለከተ ያልፋል፤ ለምሳሌ በእኛ ሣልሳይ፥ በሌሎች ቀዳማዊ በሚባለው በምዕራፍ 14 ስለ ኢዮርብዓምና ስለ ሮብዓም እንዲህ ያደርጋል። በምዕራፍ 16 ያለውን የዘንበሪን ነገር ደግሞ እይ። ይህ ንጉሥ 12 ዓመት ነገሠ፤ የሰማርያን ኮረብታ በሁለት መክሊት ብር ገዝቶ ከተማ ሠራ። በ1868 በሞዓብ አገር የተገኘው የንጉሡ የሞሳ ሐውልት ሞዓብን ያስጨነቀው እርሱ እንደ ነበረ ስሙን ጠርቶ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ኀያል ንጉሥ መጽሐፉ በጥቂት ቍጥር አሳልፎታል። ስለምን ቢሉ፤ የመጽሐፉ ሐሳብ የነገሥታትን ኀይል መቍጠር አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እንደ ሄዱ መመስከር ነው እንጂ። ዘንበሪን በጥቂት ቃል ያለፈ፥ ድኻውን ናቡቴን ግን አንድ ምዕራፍ ሙሉ የሰጠው ለዚህ ነው። እንግዲህ አኅጽሮት የሚመዘነው በተወው ነገር ትልቅነት አይደለም፤ የተወውን ለምን እንደ ተወ በሐሳቡ ይመዘናል።

ወንጌላዊው ዮሐንስም በምዕራፍ 20 ጌታ ያደረጋቸው ያልተጻፉ ሌሎች ብዙ ምልክቶች እንዳሉ ይናገራል፤ እነዚህም የተጻፉት እንድናምንና አምነን ሕይወት እንዲሆንልን ነው ይላል። በምዕራፍ 21 ደግሞ ሁሉ በየአንዳንዱ ቢጻፍ ዓለም መጻሕፍቱን ባልቻላቸውም ነበር ብሎ ይፈጽማል። በዚህ ሁለት ነገር እናገኛለን፤ ያልተጻፈ እንዳለ ማመን አንድ፥ የተጻፈው ለምን እንደ ተጻፈ መግለጥ ሁለት።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 4 በትእዛዙ ላይ እንዳይጨምሩ ከእርሱም እንዳያጎድሉ ታዟል፤ በራእይ መጨረሻም ከትንቢቱ ቃል የሚያጎድል ዕድሉ እንደሚጎድልበት ተጽፏል። ታዲያ ማሳጠር ማጉደል አይሆንምን ቢሉ፤ ቀድሞ የለየናቸው ቃላት በዚህ ይጠቅሙናል። የተከለከለው ሕጸጽ ነው፥ አኅጽሮት አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 22 ሕግና ነቢያት ሁሉ በሁለቱ ትእዛዛት እንደ ተሰቀሉ አስተማረ፤ ይህን ሲል ግን ከሕጉ አንዲት ነቍጥ እንኳ አላጎደለም። ሁለቱ ትእዛዛት የቀሩትን ይሸከማሉ እንጂ አይሽሩም። የቀሩትን የሚሸከም አኅጽሮት ይባላል፤ የቀሩትን የሚሽር ሕጸጽ ይባላል።

በሌላ ወገን ደግሞ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 9 ጌታ ነገሩን ይፈጽማል፥ ያሳጥራል የሚለውን ይዘው፥ መጽሐፍን ማሳጠር ከእግዚአብሔር የታዘዘ ነው የሚሉ አሉ። ከጥንት ሰዎች ወገን ይህን ቃል ስለ ወንጌል አጭርነት የተረጐሙ ነበሩ፤ ትርጓሜው ለነፍስ ይጠቅማል። ነገር ግን ሐዋርያው ከኢሳይያስ ምዕራፍ 10 ወስዶ በዚያ ስፍራ የሚናገረው ስለ ፍርድና ስለሚድኑት ቅሬታ ነው። ስለ ማሳጠር የሚናገረውን ይህን ቃል ራሱን ከስፍራው ቈርጦ መጥቀስ፥ አኅጽሮትን በሕጸጽ መከላከል ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት

በቤተ ክርስቲያናችንም ያጠረ ነገር ብዙ አለ። ጸሎተ ሃይማኖት በአንድ ትንፋሽ የሚደርስ ያህል አጭር ናት፤ ነገር ግን በ325 በኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት የተጋደሉለት ሃይማኖት በእርስዋ አለ። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ይህችን ዓይነት አጭር የሃይማኖት ቃል በሰናፍጭ ቅንጣት መስሏታል፤ በትንሿ ፍሬ ብዙ ቅርንጫፍ እንዳለ፥ በጥቂቱ ቃል የሁለቱ ኪዳናት እውቀት አለ ብሎ። ቅንጣቷ ግን ተዘርታ ካልበቀለች ቅርንጫፏ አይታይም።

ስንክሳርም እንዲሁ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ስብሰባ ከሚለው ቃል ይወጣል፤ በጉባኤ የሚነበብ ማለት ነው። የየዕለቱን ቅዱሳን ዜና በአጭሩ ሰብስቦ ይዟል። ነሐሴ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዜና በስንክሳር የሰማ ምእመን በረከት ያገኛል፤ ሰፊው ገድላቸው ግን ለብቻው አለ። ስንክሳር ገድልን አይሽርም፤ ወደ ገድል ይጠራል እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የድጓው ምልክት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገረው ይህ ምልክት፥ ዜማው ከታወቀ ከአንድ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፊደል ወስዶ ከንባቡ በላይ ያኖራል። ያችን ፊደል ያየ መሪጌታ ዜማውን ሁሉ ያስባል። ከእርስዋ የሚያጥር ጽሕፈት የለም፤ ነገር ግን የምትጠቅመው ዜማውን ከመምህር አፍ ሰምቶ በቃሉ ላጠና ብቻ ነው። ላልተማረው ጥቃቅን ፊደል ናት። እንግዲህ አኅጽሮት ላወቀ ማስታወሻ ነው፤ ላላወቀ ግን የመንገድ መጀመሪያ ሊሆን ይገባል እንጂ የመንገድ ፍጻሜ አይሆንም።

ፍጻሜ

አንባቢ ሆይ፤ ያጠረ መጽሐፍ በእጅህ ሲገባ አትናቀው፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ጠይቀው። ከምን አጠረህ? ለምን አጠረህ? የቀረውን ወዴት ላግኘው? ለሦስቱ የሚመልስልህ ከሆነ፥ እርሱ የታመነ መሪ ነውና ተከተለው። የማይመልስልህ ከሆነ ግን፥ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ በእርሱ ላይ ብቻ ቆመህ አታስተምር። አንተም ለወንድሞችህ የምታሳጥር እንደ ሆነ፥ የወሰድህበትን መጽሐፍ ስሙን ጥራ፤ የተውኸውንም እንደ ተውኸው ንገር።

በጽሕፈታችን ወዘተ የምንላት ቃል አለች፤ እርስዋም ራስዋ ያጠረች ናት፥ ሙሉዋ ወዘተረፈ ነው፤ የቀረውም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሳናስባት እንጽፋታለን። የመልካም አሳጣሪ ምስክርነት ግን እርስዋ ናት፤ የቀረ አለ ብላ ትናገራለችና። ስለ አኅጽሮት የተጻፈች ይህች ሐተታም ራስዋ አጭር ናት፤ የጠቀሰቻቸውን ምዕራፎች ከመጽሐፉ ገልጠህ አንብብ። እኔ በወጣትነቴ ሳላደርገው የቀረሁት ይህ ነበርና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።